ቀስቷን ➔ በጽሑፍ ውስጥ መጠቀም፦ ኮዷ፣ አጻጻፏና ስትበላሽ የሚደረገው

ይቺን ቀስት አይታችኋታል፦ ➔። ማስታወቂያ ላይ፣ ቴሌግራም ፖስት ላይ፣ ስላይድ ላይ፣ የድረ ገጽ በተን ላይ፣ የሌለችበት የለም። አብዛኛው ሰው የሚያገኛት ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ፔስት በማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ያልሠራ ቀን ግን ለሰው የላካችሁት ፋይል ላይ በቀስቷ ቦታ ባዶ ሳጥን ቁጭ ብሎ ይገኛል፣ ወይ የጥያቄ ምልክት፣ ወይ ደግሞ ትርጉም የሌለው የፊደል ቅራቅንቦ። ያኔ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ከጀርባዋ ያለውን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ አይደለም። ሁለት ቁጥር መያዝና አንድ ሐሳብ መጨበጥ ይበቃል።

ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ➔ ለኮምፒውተሩ ቁጥር ናት፣ መልኳን የሚሰጣት ፎንቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

1. የትኛዋን ቀስት እንደያዛችሁ እወቁ

እነዚህን እዩ፦ → ➔ ➜ ➡ ➤ ➳። ለዓይን ዘመዳሞች ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ስድስት የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። ሰነዳችሁ ውስጥ → ብላችሁ ብትፈልጉ ➔ አትገኝም። አንዱ ገጽ ላይ አንዷን፣ ሌላው ላይ ሌላዋን ስትጠቀሙ ከርማችሁ በኋላ ሁሉንም በአንዴ ልቀይር ስትሉ ግማሹ የሚያመልጣችሁ ለዚህ ነው። ስለዚህ አንዷን ምረጡና እሷ ላይ ሙጭጭ በሉ።

ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎችና ምልክቶች ለየአንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ ስታንዳርድ ነው። «ሀ» ቁጥር አላት፣ አራት ነጥብ ቁጥር አለው፣ ➔ም አላት። የእሷ 2794 ነው። ይሄ በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 እየተቆጠረ ነው። በለመድነው በ10 አቆጣጠር ሲጻፍ 10132 ይሆናል። ያው አንድ ቁጥር ነው፣ አጻጻፉ ነው የሚለየው። ሁለቱንም ያዙ። አንዱ ፕሮግራም ይሄኛውን፣ ሌላው ያኛውን ይጠይቃችኋል። ካምታታችኋቸው ደግሞ «ተሳስታችኋል» የሚላችሁ የለም፤ ዝም ብሎ ሌላ ምልክት ይወጣል።

የእሷን ሰፈር ማወቅም ይጠቅማል። ዲንግባትስ በሚባለው የዩኒኮድ ክፍል ውስጥ ናት። ክፍሉ 192 ቦታ አለው፤ መቀሱ፣ እርሳሱ፣ ኮከቡ፣ አበባው፣ ቀስቱ እዚያ ታጭቋል። ምንጩ ጀርመናዊው የፊደል ዲዛይነር ሄርማን ዛፕፍ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «አይቲሲ ዛፕፍ ዲንግባትስ» የተባለ ፎንት ነው። በሌዘር ማተሚያዎች ውስጥ ተጭኖ ይመጣ ስለነበር በሕትመት ሥራ በደንብ ተስፋፋ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያ እትሙን ሲያወጣ ምልክቶቹን እንዳሉ ወሰዳቸው።

ጣጣው ያለው «እንዳሉ» የምትለዋ ላይ ነው። ዛፕፍ ቀስቶቹን በአብዛኛው ወደ ቀኝ ነው የሠራቸው፣ ጥቂቶቹ ሰያፍ ናቸው። ወደ ግራ ብቻ የምታሳይ የለችም። ስለዚህ ➔ እዚያ ክፍል ውስጥ የግራ እህት የላትም። «ቀጣይ» የሚለው በተን ላይ እሷን አድርጋችሁ «ተመለስ» ላይ ስትደርሱ ጓደኛዋን ትፈልጋላችሁ፣ አታገኙም። አራቱንም አቅጣጫ የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው ሌላ ቤተሰብ ምረጡ፦ ← ↑ → ↓። ቁጥሮቻቸው ከ8592 እስከ 8595 በተርታ ነው፣ አንድ እጅ ስለሠራቸው መልካቸውም ይመሳሰላል። የኔ ምርጫ እንዲህ ነው፦ ለማስዋብና የሜኑ መንገድ ለማሳየት ➔፣ አቅጣጫው ራሱ ትርጉም ላለው ነገር ደግሞ እነ ←።

ከሆነ ቦታ ያመጣችሁትን ቀስት ማንነት ለማጣራት ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ፔስት አድርጉት። ከርሰሩን ከቀስቱ ቀጥሎ አቁሙና ኦልትን ይዛችሁ ኤክስን ተጫኑ። ቀስቱ ወደ ቁጥሩ ይለወጣል። ደግማችሁ ስትጫኑ ይመለሳል። ኤክሴል ላይ ደግሞ «ዩኒኮድ» የሚባለው ፎርሙላ በ10 የሚቆጠረውን ቁጥር ይነግራችኋል።

2. ኮፒ ፔስት ሳታደርጉ ጻፏት

ወርድ ላይ፦ 2794 ብላችሁ ጻፉ፣ ወዲያው ኦልት እና ኤክስ። አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ከ2794 ፊት ሌላ ቁጥር ተጣብቆ ካለ ወርድ እሱንም አንድ ላይ ይውጠዋል። «ደረጃ 3» ብላችሁ ሳትለያዩ 2794 ካስከተላችሁ 32794 አድርጎ ነው የሚያነበው፣ የሚወጣውም ሌላ ነገር ነው። ስፔስ አድርጉና ጻፉ፤ ወይም አራቱን ቁጥር ብቻ በማውስ ምረጡና ከዚያ ተጫኑ። የግዕዝ ፊደል ከፊት ቢጣበቅ ችግር የለውም።

ኦልትን ይዞ በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ሰሌዳ 10132 መጻፍም ወርድ ላይ ይሠራል። ሌሎች አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ከ255 በላይ ያለውን ቁጥር አያውቁትም፤ ቀስት ስትጠብቁ ነጠብጣብ ያለባት የላቲን ፊደል ዱብ ትላለች። ስለዚህ ይሄን ዘዴ ከወርድ ውጭ ብዙ አትመኩበት።

ዊንዶውስ ላይ ለሌላው ሁሉ፦ «ካራክተር ማፕ» የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፎንቱን «ሲጎ ዩአይ ሲምቦል» አድርጉ፣ «አድቫንስድ ቪው»ን ምረጡ፣ ከታች ባለው የዩኒኮድ ሳጥን 2794 ጻፉ። ከዚያ ሴሌክት ➔ ኮፒ። የዊንዶውስ ቁልፍና ነጥብን አብሮ መጫንም የኢሞጂና የምልክት ሰሌዳ ያወጣል፣ እነ → እዚያ አሉ።

ማክ ላይ፦ ኮንትሮል፣ ኮማንድና ስፔስን አብራችሁ ተጫኑ፣ የምልክት መፈለጊያ ይመጣል። ብዙ የምትጽፉ ከሆነ ግን ከኪቦርድ ሴቲንግ «ዩኒኮድ ሄክስ ኢንፑት» የሚባለውን ጨምሩ። ከዚያ ኦፕሽንን ይዞ 2794 መጻፍ ብቻ ነው።

ሊኑክስ ላይ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩን አንድ ላይ ተጭናችሁ ልቀቁ፣ ከሥሯ የተሰመረባት ዩ ስትመጣ 2794 ጻፉና ኢንተር። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይሠራል።

ጎግል ዶክስ ላይ፦ ኢንሰርት ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ስፔሻል ካራክተርስን ምረጡ። መፈለጊያው ቁጥሩንም ይቀበላል። እኔ የምወደው ግን ጎኑ ያለውን ሳጥን ነው፤ ቀስቷን በማውስ እንደነገሩ ስትስሉ የሚመስሏትን ያመጣላችኋል።

ስልክ ላይ ቁጥሩን የሚቀበል ቦታ ስለማይገኝ መፍትሔው አቋራጭ መሥራት ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግስ ➔ ጄነራል ➔ ኪቦርድ ➔ ቴክስት ሪፕሌስመንት ግቡ። አንድሮይድ ላይ የጎግልን ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ የኪቦርዱ ሴቲንግ ➔ ዲክሽነሪ ➔ ፐርሰናል ዲክሽነሪ። ቀስቷን አንዴ ፔስት አድርጉና አቋራጭ ስጧት። አቋራጩ ብቻውን ቃል የማይሆን ነገር ይሁን፤ «ቀቀ» ጥሩ ነው፣ «ቀስ» ግን አይሆንም፣ «ቀስ በል» ልትሉ ስትሞክሩ ቀስት እየመጣ ያስቸግራችኋል። አንድሮይዱ በራሱ አይተካላችሁም፣ ከኪቦርዱ በላይ ሲያሳያችሁ መንካት ነው።

3. ድረ ገጽ ላይ አስገቧት

ፋይላችሁ በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የዩኒኮድን ቁጥሮች ፋይል ውስጥ በባይት በሚያስቀምጠው ኢንኮዲንግ (የአጻጻፍ ሥርዓት)፣ ሴቭ የሚደረግ ከሆነ (ዛሬ መሆን አለበት) ➔ን እንዳለች ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ኮድ) ውስጥ መለጠፍ ይቻላል። ምንም ኃጢአት የለውም። ፋይሉ በብዙ ሰው እጅ የሚያልፍ ከሆነና ካላመናችሁት ግን በቁጥር ጻፏት፦

&#10132;

ይሄ ተራ የኪቦርድ ምልክት ብቻ ስለሆነ የትም ሲያልፍ አይበላሽም። ብራውዘሩ ነው ወደ ቀስት የሚለውጠው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጥብና ሰረዝ አትርሱ። እዚህ ጋ የሚገባው በ10 የሚቆጠረው ቁጥር ነው፤ ሄክሱን (ሄክሳዴሲማሉን 2794) ለመጻፍ ከፊቱ ኤክስ መጨመር አለበት። ኤክሱን ረስታችሁ &#2794; ካላችሁ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? የጉጃራቲ ቁጥር፣ አራት። ገጻችሁ ላይ የማታውቁት ቋንቋ ካያችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

ለተራዋ → ኤችቲኤምኤል በቃል የሚጻፍ አጭር ስም ሰጥቷታል። ለ➔ ግን አልሰጠም፣ በመፈለግ አትድከሙ።

ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ውስጥ ደግሞ የሚሠራው ሄክሱ ነው፣ ከፊቱ የተገለበጠ ሰረዝ ተደርጎ፦

"\2794"

ይሄን «ኮንተንት» በሚባለው ባሕርይ ላይ ስታስገቡ ቀስቷ ከሊንኩ በኋላ በራሷ ትመጣለች፣ መቶ ሊንክ ቢኖር መቶ ጊዜ መጻፍ የለም። የዝርዝር ነጥብ እንድትሆን ከፈለጋችሁም እንደዚሁ ለዝርዝሩ ስታይል ስጡት እንጂ በየመስመሩ መጀመሪያ በእጃችሁ አትተይቡ፤ በእጅ የተተየበች ቀስት ጽሑፉ ሁለተኛ መስመር ላይ ሲወርድ አሰላለፉን ታፈርሳለች። ከ2794 ቀጥሎ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ መሃላቸው ስፔስ አድርጉ። ሲኤስኤስ እስከ ስድስት አሃዝ ድረስ እየለቀመ ስለሚሄድ ቀጣዩንም የቀስቷ አካል ያደርገዋል። ስፔሷ ራሷ አትታይም።

4. ኮድና ኤክሴል ውስጥ

ይሄ አጭር ነው። ጃቫስክሪፕት፣ ጄሰን፣ ጃቫ፣ ፓይተን ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ የተገለበጠ ሰረዝ፣ ትንሿ ዩ፣ ከዚያ 2794። ኤክሴል ላይ «ዩኒካር» የሚባለውን ፎርሙላ ጠርታችሁ በቅንፍ 10132 ስጡት። ተርሚናል ላይ «ፕሪንትኤፍ» ከተጠቀማችሁ ይሄም አለ፦

"\342\236\224"

እነዚህ ሦስቱ ቁጥሮች ቀስቷ ፋይል ውስጥ ስትቀመጥ የምትሆናቸው ሦስት ባይቶች ናቸው፣ በ8 እየተቆጠሩ። በ10 ሲቆጠሩ 226፣ 158፣ 148 ናቸው። ለምን ሦስት ሆነች? ዩቲኤፍ-8 የእንግሊዝኛ ፊደልን በ1 ባይት ነው የሚያስቀምጠው፣ የግዕዝ ፊደልንና ➔ን በ3፣ አብዛኞቹን ኢሞጂዎች በ4። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ለአፍታ ያዙልኝ፣ ቀጥሎ ሲበላሽ እናገኛቸዋለን።

5. ስትበላሽ፦ ምልክቱን አይታችሁ በሽታውን ለዩ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀስቷ ጠፋች ብሎ እንደገና ፔስት ያደርጋል፣ እንደገና ትጠፋለች፣ በመጨረሻ በስዕል ይተካታል። የተበላሸው ነገር መልኩ ራሱ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ማየት ነው።

ባዶ ሳጥን ካያችሁ፦ ቀስቷ ደህና ናት። ቁጥሯ በቦታው አለ፤ ያ መሣሪያ ላይ መልኳን የያዘ ፎንት ነው የጠፋው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሳጥኑን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ አፕ ወይም ሌላ ስልክ ላይ ፔስት አድርጉት። እዚያ ቀስት ከሆነ ነገሩ የፎንት ነው። ዊንዶውስ ላይ «ሲጎ ዩአይ ሲምቦል»፣ ማክ ላይ «ዛፕፍ ዲንግባትስ»፣ ሊኑክስ ላይ «ደጃቩ ሳንስ» ይይዟታል። ለድረ ገጽ ደግሞ ከጎግል የኖቶ ፎንቶች ውስጥ የምልክቶቹን አብራችሁ ጫኑ። በነገራችን ላይ የምዕራቡ ኮምፒውተረኞች ያንን ባዶ ሳጥን «ቶፉ» ነው የሚሉት፣ ኖቶ የሚለው ስምም «ቶፉ ይብቃ» ከሚለው የመጣ ነው። ፒዲኤፍ የምትልኩ ከሆነ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ መታሸጉን አረጋግጡ፣ ከዚያ የተቀባዩ ኮምፒውተር ምንም ይኑረው ምንም አያሳስባችሁም።

ተራ የጥያቄ ምልክት ካያችሁ፦ ይሄኛው ከበድ ይላል። መንገድ ላይ የሆነ ፕሮግራም ጽሑፉን ቀስት የሚባል ነገር ወደማያውቅ ጠባብ ኢንኮዲንግ ቀይሮታል፤ ቦታ ስላጣላት በጥያቄ ምልክት ተክቷታል። ቁጥሯ የለም። ማንም አይመልሳትም። ማድረግ የሚቻለው የትኛው ደረጃ ላይ እንደጠፋች ፈልጎ (የድሮ ዳታቤዝ፣ የድሮ ፎርም፣ «ኤኤንኤስአይ» ተብሎ ሴቭ የተደረገ ፋይል ሊሆን ይችላል) እሱን ማስተካከልና ከዋናው ቅጂ እንደገና ማስገባት ነው።

ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት (�) ግን ሌላ ናት። ያቺ «ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ላነበው ስሞክር ባይቶቹ አልገጠሙልኝም» ማለት ነው። ፋይሉ ራሱ ሳይነካ ሊኖር ይችላል። እባካችሁ እንደዚያ ሆኖ እያያችሁት ሴቭ አታድርጉ። ዝጉትና በትክክለኛው ኢንኮዲንግ ክፈቱት።

ሦስት ግራ የገቡ ምልክቶች ካያችሁ፦ ቆብ የደፋች የላቲን ኤ፣ ከራሷ በላይ ምልክት ያለባት ዜድ፣ ከዚያ የመዝጊያ ጥቅስ። ይሄ የታወቀ በሽታ ነው። እነዚያን ሦስት ባይቶች አስታወሳችሁ? 226፣ 158፣ 148። ዩቲኤፍ-8 ሦስቱን አንድ ላይ ያነብና «ቀስት» ይላል። የድሮው የዊንዶውስ-1252 ኢንኮዲንግ ግን አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው ብሎ ስለሚያምን ለየብቻ ያነባቸዋል፦ 226ን ቆብ የደፋችው ኤ፣ 158ን ያቺ ዜድ፣ 148ን የጥቅሱ ምልክት ያደርጋቸዋል። የጠፋ ነገር የለም፣ ንባቡ ነው የተሳሳተው። እንደዚያው ሴቭ ካደረጋችሁት ግን እያንዳንዱ ምልክት እንደ አዲስ በዩቲኤፍ-8 ይጻፍና 3 ባይት የነበረው 7 ባይት ይሆናል። ደግሞ ሲከፈት ሌላ ቅራቅንቦ፣ ደግሞ ሴቭ፣ ደግሞ ሌላ። አንድ ቀስት የሩብ መስመር ርዝመት ያለው ቆሻሻ ሆና የምትገኘው እንዲህ እየተደራረበ ነው።

ማስተካከያው እንዳለበት ቦታ ይለያያል። ድረ ገጽ ከሆነ የኢንኮዲንግ ማሳወቂያው (ሜታ ቻርሴት የሚባለው) መኖሩን እዩ፤ ከገጹ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መሆን አለበት፣ ረጅም ኮሜንት ከላዩ ከከመራችሁበት ይቀበራል። ቪኤስ ኮድ ላይ ከሆነ ከታች በቀኝ ያለውን የኢንኮዲንግ ስም ነክታችሁ «ሪኦፕን ዊዝ ኢንኮዲንግ» ➔ ዩቲኤፍ-8። ኤክሴል ላይ የሲኤስቪ ፋይል ከሆነ ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱት። ዳታ ➔ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ ብላችሁ አስገቡትና ኢንኮዲንጉ ላይ 65001 የሚለውን ምረጡ፣ ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሲኤስቪም በዚሁ በሽታ ነው የሚታመመው፣ መድኃኒቱም ያው ነው።

አንድ የቀረ አለ፣ በጣም የሚያስቅ። ወርድ ወይም አውትሉክ ላይ --> ስትጽፉ በራሱ ወደ ቆንጆ ቀስት ይቀየራል። ኢሜይሉ ሌላ ቦታ ሲከፈት ግን በቀስቱ ቦታ ከራሷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሽ የላቲን ኤ ብቻዋን ቆማለች። ምክንያቱም ወርድ ያስገባላችሁ የዩኒኮድ ቀስት አይደለም። ያቺን ኤ ነው ያስገባው፣ ከዚያ ዊንግዲንግስ የሚባለውን ፎንት አልብሷታል። ዊንግዲንግስ በኤዋ ቦታ የቀስት ስዕል ስላለው ቀስት መስላ ትታያለች። ፎንቱ ሲወልቅ ራቁቷን ትቀራለች። ኢሜይል ላይ ያለ ምክንያት ብቻዋን የቆመች «ጄ» አይታችሁ ከሆነም ያው ናት፣ የዊንግዲንግስ ፈገግታ ነበረች።

ለዚህ መፍትሔው ወርድ ላይ ፋይል ➔ ኦፕሽንስ ➔ ፕሩፊንግ ➔ አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ ገብቶ --> ያለበትን መስመር መፈለግና በእውነተኛዋ ➔ መተካት ነው። ከዚያ በኋላ የድሮውን ልማዳችሁን ሳትቀይሩ ትክክለኛዋ ትገባላችኋለች። ጎግል ዶክስ በዚህ አይታማም፣ -> ስትጽፉ የሚያስገባው የዩኒኮዷን → ነው።

6. ኢሞጂ የምትሆነዋን ለዩ

➡ን (ቁጥሯ 10145) ስትጠቀሙ አንዱ ስልክ ላይ ጥቁር ቀስት፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለች ነጭ ቀስት ልትሆን ትችላለች። በዲንግባትስ ውስጥ ካሉት ቀስቶች የኢሞጂ መልክ የተሰጣት እሷ ብቻ ናት። ⬅ ⬆ ⬇ም ኢሞጂ ይሆናሉ፤ እነሱ ግን ዩኒኮድ ውስጥ ሌላ ክፍል ነው ያሉት፣ ስለዚህ አንዳንድ ፎንት ላይ ከ➡ ጋር መጠናቸው እኩል አይመጣም።

ጥቁሯን በግድ ለማምጣት ከኋላዋ የማትታይ አዛዥ ምልክት ታስከትላላችሁ፦

&#10145;&#65038;

65038 «ጽሑፍ ሁኚ» ማለት ነው፣ 65039 ደግሞ «ኢሞጂ ሁኚ»። አብዛኛው ብራውዘር ይታዘዛል፣ ሁሉም አፕ ግን አይታዘዝም። እኔ ➔ን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ የኢሞጂ መልክ ስለሌላት የጽሑፉን ቀለም ይዛ ትሄዳለች።

7. ከፊደሉ ጋር አስማሟት

አብዛኛው የጽሑፍ ፎንት ዲንግባትስን አይዝም። ስለዚህ ጽሑፋችሁ በአንድ ፎንት፣ ቀስቷ መሣሪያው ባገኘው በሌላ ፎንት ትታያለች። ከዚያ ቀስቷ ከመስመሩ ከፍ ብላ ትንጠለጠላለች፣ ወይ የዚያ መስመር ክፍተት ከሌሎቹ ይሰፋል። ድረ ገጽ ላይ ከሆነ ለብቻዋ በስፓን (ጽሑፍ በሚያቅፈው የኤችቲኤምኤል ታግ) አቅፏት፣ ፎንቷን በስም ጥሩላት፣ የመስመር ከፍታዋን 1 አድርጉ፣ መጠኗንም ከፊደሉ ትንሽ አሳንሱ። ወርድ ላይ ቀስቷን ብቻ መርጣችሁ ፎንት ➔ አድቫንስድ ➔ ፖዚሽን ገብታችሁ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ሌላው የመስመር መቆረጥ ነው። «ተጨማሪ ያንብቡ ➔» ላይ ቦታ ካነሰ ቀስቷ ለብቻዋ ታች ትወርዳለች፣ በጣም ታስጠላለች። መሃላቸው ያለውን ስፔስ በማይቆረጠው ስፔስ ተኩት፤ ኤችቲኤምኤል ላይ &#160; ነው፣ ወርድ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ስፔስ።

የግራዋን ለማግኘትም ዘዴ አለ። ሲኤስኤስ ላይ ➔ን 180 ዲግሪ ማዞር ነው። የስፓኑን ዲስፕሌይ «ኢንላይን-ብሎክ» ካላደረጋችሁት ግን አትዞርም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው «አልሠራም» ብሎ የሚተወው። የዞረችው ቀስት ኮፒ ስትደረግ ደግሞ ያው የቀኟ መሆኗን አትርሱ። ዓረብኛና ዕብራይስጥ ገጽ የምትሠሩ ከሆነም ልብ በሉ፦ ቅንፍ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ በራሱ ይገለበጣል፣ ቀስት ግን አይገለበጥም። እዚያ ➔ «ቀጥል» ሳይሆን «ተመለስ» ልትሆንባችሁ ነው።

8. ማን ያነባታል? የት ትገባለች?

ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙባቸው ስክሪን ሪደሮች ቀስቷን በዩኒኮድ ስሟ ሊያነቧት ይችላሉ፣ ስሟ ደግሞ ረጅም ነው፦ «ሄቪ ዋይድ-ሄድድ ራይትዋርድስ አሮው»። አንዳንዶቹ ጭራሽ ይዘሏታል። አስር መስመር፣ አስሩም ላይ ቀስት ያለበት ዝርዝር ሲነበብ አስቡት። ለጌጥ ብቻ ከሆነች አሪያ-ሂደን (ስክሪን ሪደሩ እንዲያልፋት የሚያደርገውን የኤችቲኤምኤል ባሕርይ) ስጧትና ዝም ትበል። ትርጉም ያላት ከሆነ ደግሞ ትርጉሙን በቃል ጻፉት፤ በተን ላይ ➔ ብቻዋን ከሆነች አሪያ-ሌብል (ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ስም) ላይ «ቀጣይ» በሉ።

አጭር የጽሑፍ መልእክት የምትልኩ ከሆነ ሒሳቡን እወቁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ ኤስኤምኤስ 160 ምልክት ይይዛል። አንዲት ➔ ጣል ስታደርጉበት ሙሉው መልእክት ሌላ ኢንኮዲንግ ውስጥ ይገባና 70 ብቻ ይሆናል። በአንድ ይሄድ የነበረው ሦስት ሊሆን ይችላል፣ የሚከፈለውም በዚያው ልክ ነው። በአማርኛ ስትጽፉ ግን መጀመሪያውኑ በ70ው ሒሳብ ውስጥ ስለሆናችሁ ቀስቷ የምትጨምረው የአንድ ምልክት ቦታ ብቻ ነው።

የፋይል ስም፣ የሊንክ አድራሻና የይለፍ ቃል ውስጥ አታስገቧት። ሊንክ ውስጥ ብትገባ ወደ ፐርሰንትና ቁጥር ተቀይራ ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች፣ ሊንኩም አስቀያሚ ይሆናል። ይለፍ ቃል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ኪቦርድ ላይ ለመግባት ስትሞክሩ ከየት ታመጧታላችሁ?

ዳታቤዝ የምትነኩ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ማይኤስኪውኤል ላይ «ዩቲኤፍ8» የሚባለው የድሮ አማራጭ ለአንድ ምልክት ከ3 ባይት በላይ አይፈቅድም። ➔ 3 ባይት ስለሆነች ታልፋለች፣ እናንተም ሁሉ ሰላም ይመስላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኒኮድ 7.0 የገቡት የ«ሰፕልሜንታል አሮውስ-ሲ» ቀስቶች ግን 4 ባይት ናቸው፣ እዚያ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከመጀመሪያው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» አድርጉት፣ ከዚያ ቀስት ሲያስገባ ወይ ኢሞጂ ሲያስገባ አልቀበልም አይላችሁም።